የጨው ቀኖና

አባቴ የጋሼ ገነነን ጉርሻ የመለሰ ዕለት አሥር ዓመቴ ነበር።

እኛ አገር ጉርሻ አይመለስም። ድንበርህን ገፍቶ ያረሰብህን ሰው ሽማግሌ ፊት ታቆመዋለህ፤ ሊያጎርስህ እጁን የዘረጋን ሰው ግን አፍህን ከፍተህ ከመቀበል በቀር መላ የለህም። አንዱን ስትውጥ «አንድ ያጣላል» ብሎ ሁለተኛውን ያመጣል። ሁለተኛውን ስትውጥ ሦስተኛውን በሥላሴ ስም ያደርገዋል። በሥላሴ ስም የመጣን ጉርሻ እንቢ ያለ ሰው በመንደራችን ታሪክ አልነበረም። እኔ እስከማውቀው ድረስ ማለቴ ነው፤ እኔ ደግሞ ሰባተኛ ክፍል ላይ ከትምህርት ጋር የተለያየሁ ሰው ነኝ።

መንደራችን ከማንኩሳ ወደ ላይ በእግር አንድ ሰዓት ያስኬዳል። ዕለቱ የኅዳር ሚካኤል ማኅበር ነበር፤ የደጋሽነት ተራው የደረሰው ለጎረቤታችን ለጋሼ ገነነ ነው። የጋሼ ገነነ እጅ አካፋ ነው። የጠቀለለው ዶሮ ወጥ የሕፃን ራስ ያህላል፤ ቅባቱ በአንጓው አልፎ ወደ ክርኑ ይወርዳል።

«በሞቴ፣ ዳኘው» አለ።

አባቴ ወደ ኋላ ሸሸት አለ። «ወንድም ዓለም፣ ይቅር በለኝ። ቀኖና ላይ ነኝ።»

የጋሼ ገነነ እጅ አየር ላይ ቀረ። ከመደቡ ራስ የተቀመጡት የአባቴ ንስሐ አባት መምሬ ገብረ ኢየሱስ ዓይናቸውን ከዋንጫው ሳያነሱ «ተወው ገነነ፤ እኔ ነኝ የሰጠሁት» አሉ። ጋሼ ገነነ ግራና ቀኙን አየ። የተጠቀለለ ጉርሻ ወደ መሶብ አይመለስምና አጠገቡ ወዳገኘው አፍ ከተተው። አፉ የእኔ ነበር። የማሳረጊያው ጸሎት ደርሶ ሁሉም «አሜን» ሲል እኔ ገና እያኘክሁ ነበር።

ቀኖና ንስሐ አባት ለተናዘዘ ሰው እንደ ኃጢአቱ መጠን የሚሰጠው ነው፤ ለአንዱ ስግደት፣ ለአንዱ ጾም። የሰው ቀኖና አይጠየቅም። አይጠየቅም ማለት ግን አይታሰብም ማለት አይደለም፤ ሰው የቅጣቱን ክብደት ያይና ጥፋቱን በልቡ ይመዝናል። የአባቴ ደግሞ ከባድ ነበር። ጨው የለም፣ ጠላ የለም፣ አረቄ የለም፣ ሥጋው ቁንጥር ነው። ማለዳ ማለዳ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ መምሬ የሰጡትን ነጭ ጠጠር በውኃ ይውጣል። እስከ መቼ እንደሆነም አውቃለሁ። ጌሾው ሥር ተደብቄ አባቴ ለመምሬ «ዕድሜ ልክ ነው አሉ» ሲላቸው ሰምቻለሁ።

ነጩ ጠጠር የደም ግፊት ኪኒን ነበር። የሰጡትም መምሬ አይደሉም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዚያ ማኅበር ሦስት ሳምንት በፊት አባቴ ፍኖተ ሰላም ወርዶ ነበር። ዶክተር ምስክር የሚባል ወጣት ሐኪም ደሙንና ሽንቱን አስመርምሮ ሁለቱም ኩላሊቶችህ ተጎድተዋል፣ ከመቶ አርባ ያህል አቅም ቀርቷቸዋል አለው። ግፊቱ ድምፁን አጥፍቶ ለዓመታት ሲበላቸው ኖሯል። አባቴም አግዞታል፤ ወገቡን ባመመው ቁጥር ቡሬ ገበያ የሕመም ኪኒን በሉክ ይገዛል፣ ያ ካልሠራለት ሰው የሰጠውን ሥር ቀቅሎ ይጠጣል። የሄደው አይመለስም፣ የቀረውን መጠበቅ ግን ይቻላል አለው ዶክተሩ። ኪኒኑን ሳታቋርጥ ትውጣለህ፣ ጨው ትተዋለህ፣ ያልታዘዘልህን ኪኒንና ሥር አትነካም፣ በየሦስት ወሩ ትመጣለህ።

አባቴ ይህን ሁሉ ይዞ መምሬ ዘንድ ሄደ። የጨነቀው በሽታው አልነበረም፤ ሰዉ ነበር። አባቴ አስታራቂ ነው። ባልና ሚስት ያስታርቃል፣ ድንበር ያስታርቃል፣ ባስታረቀበት ቤት ሁሉ ይበላል።

«ታምሜያለሁ ብትል» አሉት መምሬ፣ «ሥር ማሹ ቢሆነኝ ሥሩን ይዞልህ ይመጣል። ሌላው በጀሪካን ጸበል ይግትሃል። ሴቶቹ ጉልበት ይሁንህ ብለው ቅልጥም ያስግጡሃል። የእኛ ሰው በሽታ አያከብርም፤ የሚያከብረው ቀኖና ነው።»

«መምሬ፣ ውሸት አይሆንብኝም?»

«እኔ አሁን ቀኖና ብዬ ከሰጠሁህ በምን ይዋሻል? ያው ጨው አትብላ ብዬሃለሁ።»

«ለየትኛው ኃጢአቴ?»

«እሱን ለእኔ ተወው። ብቻ ኃጢአት አጣሁ እንዳትለኝ።»

እኔ ጌሾው ሥር የደረስሁት ይህ ሁሉ ከተባለ በኋላ ነው። ዕድሜ ልክ የሚለው ላይ ደረስሁ።

በማግሥቱ ትምህርት ቤት አጥር ላይ ሜላት ያዘችኝ። ሜላት የጋሼ ገነነ ልጅ ናት፤ እናቷ ሌሊቱን ሙሉ ያሰበችውን እሷ በጠዋት ይዛው መጣች።

«አባትሽ ምን አድርጎ ነው?»

አላውቅም ማለት በእኔ ዘር የለም። «ሰው ገድሎ» አልሁ።

«የት?»

«ቡሬ።»

«በምን?»

በጠመንጃ ልል ነበር፤ ጠመንጃ እንደሌለን ታውቃለች። «በጥፊ።»

«በአንድ ጥፊ?»

«በግማሽ። ሙሉውን ቢያሳርፍበት ደብረ ማርቆስ ነበር የሚወድቀው።»

ሜላት አሰበችና አመነች። በወሩ ወሬው ገበዝ ማርያም ገበያ ደርሶ ተመለሰ። ሲመለስ ሟቾቹ ሁለት ሆነው ነበር፤ አንዲት በቅሎም አብራ ሞታለች። ሁለተኛውን ሰው እኔ አልገደልሁትም። በቅሎዋን ማን እንደጨመራት እስካሁን አጣርቼ አልደረስሁበትም።

አባቴ ይህን አያውቅም ነበር። የታየው ውጤቱ ብቻ ነው። ስድስት ወር የተካሰሱ ሰዎች እሱ ገና ጉሮሮውን ሲጠርግ ይሳሳማሉ። በየድግሱ የጎመን ቅቅልና ደረቅ እንጀራ ለብቻው ይቀርብለታል፤ «በሞቴ» የሚለው ጠፋ። በአንድ ገዳይ ፊት በሞቴ ብሎ መማል ማንን ያስደስታል? አባቴ ማታ ቤት ገብቶ «ይህ አገር ጨዋ ሆኗል፣ ሸጋዬ» ይላት ነበር እናቴን።

ሸጋዬ እናቴ ናት። እምዬ እላታለሁ። እምዬ ለእሱ ትንሽ ድስት ለየችለት። መጀመሪያ ወጡ ላይ ጨው ትታ የተገላገለች መስሏት ነበር፤ በሁለተኛው ቀጠሮ ዶክተሩ «በርበሬውስ? ሽሮውስ?» ሲላት ደንግጣ ተመለሰች። እኛ ዘንድ በርበሬም ሽሮም ሲሰናዳ ጨዉን ይዞ ነው የሚፈጨው። ስለዚህ ሌላ በርበሬ ቀጠቀጠች፣ ሌላ ሽሮ ቆላች፤ በነጭ ሽንኩርት፣ በድንብላልና በሎሚ አታለለችው። አባቴ ግን አልተታለለም። ሰው የማያምንበት ውል ላይ ሲያስፈርሙት እንደሚፈርመው ነበር የሚበላው። ጎርሶ ያስባል፣ ውጦ ይተነፍሳል።

እኔ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ጉርሻውን እቆጥራለሁ። እርግጥ ነው ሰው ገድሏል፤ ሰው መግደሉን የፈጠርሁት እኔ ብሆንም ከገበዝ ማርያም ሲመለስ እኔም አምኜው ነበር። ቢሆንስ፣ ዕድሜ ልክ ያለ ጨው? ሁለት ሰው ለገደለ ይበዛበታል። በቅሎዋንም ጨምሬ አሰብሁ፤ አሁንም በዛ።

መፍትሔውን ያገኘሁት በራሴ ሥነ መለኮት ነው። ሰው ሳያውቅ ቢበላ ኃጢአቱ ላበላው ሰው ነው። የእኔ ኃጢአት ደግሞ ያኔ ገና ብዙ ቦታ ነበረው።

ለከብት የሚላስ የድንጋይ ጨው በበረቱ ግንድ ላይ ነበረን። በቢላ ፋቅሁና በቀሚሴ ጫፍ ቋጠርሁ። እምዬ ድስቷን አውርዳ እሱን ልትጠራ ስትወጣ ክዳኑን ከፍቼ በማማሰያው አማሰልሁት። የመጀመሪያው ቀን ቁንጥር ነበር።

አባዬ ጎረሰ። ቆመ። እንደገና ጎረሰ። «ሸጋዬ፣ ዛሬ ምን አደረግሽበት?»

«ምን አደርግበታለሁ፤ ያው ሎሚ ነው።»

«እጅሽ ይባረክ።»

እምዬ ማማሰያውን እንደያዘች ቀረች። እኔ ከተወለድሁ ጀምሮ አባዬ ወጥ ሲያመሰግን ሰምቼ አላውቅም ነበር። በማግሥቱ ደገመው። በሦስተኛው ቀን ድስቱን በእንጀራ ጠረገው። በሳምንቱ እምዬ ራሷን ቅቤ ተቀብታ በሥራ ቀን ነጭ ነጠላ አወጣች። አባዬም ከገበያ ሲመለስ ሎሚ በመሀረብ ቋጥሮ ያመጣላት ጀመር። እኔም የመልካም ሥራዬን ፍሬ እያየሁ ቁንጥሩን ወደ እፍኝ አሳደግሁት።

አባዬ አማረበት። ጉንጩ ሞላ። ጠዋት ሲነሣ ዓይኖቹ ጠበብ ብለው የሚስቁ ይመስላሉ። «ቀኖናውን ፈጸመ መሰለኝ፤ ፊቱ በራ» አለ ጋሼ ገነነ በአጥር ላይ። የላስቲክ ጫማው ጠበበው። ከሁሉ የወደድሁት እግሩን ነው። ቀን ቀን በመደቡ ላይ ጋደም ሲል ቅልጥሙን በጣቴ እጫነዋለሁ፤ ጣቴን ሳነሣ ጉድጓዱ እዚያው ይቀራል። ሜላትን ጠርቼ አሳየኋት። በአንዱ እግር አምስት፣ በሌላው አምስት አድርገን የገበጣ ጉድጓድ ሠራንበት። ጠጠር ልናስቀምጥ ስንል ነቃ።

ዛሬ ማንም ሰው ባጃጄ ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ የማየው እግሩን ነው። ፍኖተ ሰላም ላይ ባጃጅ እነዳለሁ። ሁለት ሴቶችን እግራቸውን አይቼ ሳይፈልጉ ሐኪም ዘንድ አድርሻለሁ፤ አንዷ ነፍሰ ጡር ነበረች፣ ሌላዋ ጫማዋ ጠቧት ብቻ ነበር።

በሠላሳ ሦስተኛው ቀን፣ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ አባዬ አቀበቱ ላይ ሦስት ጊዜ ቆመ። አራተኛው ላይ ተቀመጠ። ትንፋሹ የሚፈላ ጀበና ይመስል ነበር። ጋደም ሲያደርጉት ባሰበት፤ ቀና አድርገው በቃሬዛ ተሸከሙት። ከተሸካሚዎቹ ማንም ምን ሆነህ ብሎ አልጠየቀውም፤ ምክንያቱን ሁሉም ያውቀዋል። ከኋላ የያዘው ቢሆነኝ «የሰው ደም ዝም አይልም» ሲል ሰማሁት። እኔ ያልገቡለትን ጫማዎች ይዤ ተከተልሁ። ማንኩሳ ላይ ሚኒባስ አገኘን።

ዶክተር ምስክር ግፊቱን ለካ፣ እግሩን ተጫነ፣ ጉድጓዱን አየ። እንደ እኔ አልሳቀም።

«እናቴ፣ ጨው ያስገባሉ?» አላት እምዬን።

«እመቤቴ ትፍረደኝ፤ የእኔ እጅ ጨው አልነካበትም።»

«ሁሉም ሰው እንዲህ ይለኛል። ደሙ ግን ሌላ ነው የሚናገረው።» ተቆጥቶ አልነበረም፤ የደከመው ሰው ድምፅ ነበር። «ኩላሊት ወንፊት ነው በሉት። የእሳቸው ተበጣጥሷል። የተበጠሰው አይሰፋም፤ በቀረው ቀስ ብሎ መንፋት ነው። ጨው ማለት በዚያ ወንፊት ላይ ድንጋይ መጫን ነው። ድንጋይ የጫነበት ሰው አለ፣ እናቴ።»

እምዬ መሬት አየች። ሐኪሙ እንዳላመናት ገባኝ፤ ቀሪው ግን አልገባኝም። ስለ ወንፊት ነበር የሚያወሩት። እኔን ያስጨነቀኝ ሌላ ነው።

«ቀኖናው መቼ ነው የሚያልቅለት?» አልሁት።

«የምን ቀኖና?»

ያን ጊዜ አባዬ አየኝ። ኦክስጅን አፍንጫው ላይ ነበር፤ ረጅም ጊዜ አየኝ። ከዚያ ወደ ዶክተሩ ዞረ።

«ጨዉን እኔ ነኝ» አለ። «ከከብቶቹ ላይ እየፋቅሁ። ሰው ነኝ፣ አቃተኝ። ሴቲቱን ተዋት።»

እምዬ ፊቷን አዞረች። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ስባ ወደ መስኮቱ ቆመች፤ ያን ቀን ሙሉ አላናገረችውም። ተቆጥታ ነው ብዬ ነበር።

በማግሥቱ እሷ ሻይ ልታመጣ ስትወጣ አባዬ በጣቱ ጠራኝ።

«ግንዱ ላይ የቢላ ምልክት አይቼ ነበር» አለኝ። «የላም ምላስ እንደዚያ አይቆርጥም። ስንት ቀን ነው?»

«ሠላሳ ሁለት።»

«በየቀኑ?»

«ረቡዕና ዓርብ ቀነስ አደርግ ነበር።»

«እግዜር ይስጥሽ።»

«ሳታውቅ ከበላህ ኃጢአቱ ለእኔ ነው ብዬ ነው።»

«ለምንድን ነው ቀኖና የተሰጠኝ ይመስልሻል?»

«ሁለት ሰው ገድለህ።»

«ሁለት?»

«መጀመሪያ አንድ ነበር።»

አባዬ ሳቀ። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ፣ ሳሉ ነርሷን ጠራ፣ ነርሷ እኔን አስወጣችኝ። ከበሩ ውጭ ሆኜ ስሰማው ገና ይስቃል፤ ወይም ገና ያስላል። ያኔ አልለየሁትም፤ አሁንም አላውቅም። ጨዉን ለእምዬ እንዳልነግራት ያስማለኝ ግን ሲሻለው ነው። «እንደተሠራ ይቅር፤ እኔ ላይ ሲሆን ያምርበታል» አለኝ።

ውኃው በመድኃኒት በሽንቱ ወጣለት። ጉንጩ ከሳ፤ ለእኔ መልኩ የተበላሸ መሰለኝ። በሁለት ሳምንት ቤቱ ገባ። ዶክተሩ ከወር በኋላ ደሙን እንደገና አየና ወረቀቱን አዞረለት። አርባ የነበረው ወርዶ ወርዶ፣ ተመልሶ ሠላሳ አንድ ላይ ቆሟል። ከዚያ ወዲያ አልወጣም። ሌላ ሒሳብ አልችልም፤ ይህን አንዱን ግን አበጥሬ አውቀዋለሁ። ዘጠኟ የእኔ ናት።

ይህ ከሆነ አሥራ አንድ ዓመት አለፈ። አባዬ አሁን ሃያ አራት ላይ ነው፤ ዶክተሮቹ በደንብ ይዘኸዋል ይሉታል። በየሦስት ወሩ የማመላልሰው እኔ ነኝ። መንገድ በተዘጋባቸው ወራት ኪኒኑ እንዳይቋረጥበት ከዚህ እስከ ማንኩሳ በእግሬ ያደረስሁበት ጊዜ አለ፤ ያንን ለተሳፋሪ ስተርክ አንድ ወንዝና ሁለት ጅብ እጨምርበታለሁ። ሰው ምን ሆንህ ሲለው ዛሬም ቀኖና ላይ ነኝ ይላል። መምሬ ካረፉ አራት ዓመታቸው ነው፤ የሚፈታው ሰው የለም።

ይህን ታሪክ ባለፈው ሳምንት ጽፌ ጨረስሁና መጀመሪያ ለእምዬ ላንብብላት አልሁ። መሐላው ከበደኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ጨዉን የጨመረው አባዬ ነው ብላ የኖረችው በእኔ ጥፋት ነው፤ ማወቅ ይገባታል። አባዬ ኪዳን አድርሶ እስኪመጣ ጓሮ ተቀመጥን። እሷ ነጭ ሽንኩርት ትልጣለች። ቢላው፣ የቀሚሴ ጫፍ፣ ሠላሳ ሁለቱ ቀን፣ ሁሉንም አነበብሁላት። የገበጣው ጉድጓድ ጋ ስደርስ አየት አደረግኋት። እሷ ቀና አላለችም።

«በሳምንቱ ቀምሼው ነበር» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ወጡን። ምን ያህል ሎሚ ነው እንዲህ የሚያጣፍጠው ብዬ ቀመስሁት። ጨው ነው።»

ወረቀቱን አጠፍሁት።

«ራሱ የሚጨምርበት መሰለኝ» አለች። «ነገ እነግረዋለሁ አልሁ። በማግሥቱ እጅሽ ይባረክ አለኝ። ከነገ ወዲያ አልሁ። ከሱ ጋር አሥራ ሦስት ዓመት ኖሬ እንደዚያ አርጎ አይቶኝ አያውቅም። ስለዚህ ዝም አልሁ። ሐኪሙ ፊት የማልሁት እጄ አልነካም ብዬ ነው። እጄ አልነካም።»

አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት ጨርሳ ሌላ አነሣች።

«ስንት ነው የሄደበት ያልሽው?»

«ዘጠኝ።»

«አምስቷ የእኔ ናት» አለችኝ። «አንቺ ልጅ ነበርሽ።»